ሪፍሬሽ የማይሰማው ሣጥን

ልጄን ውሸታም እንዳሏት የሰማሁት በኩሽናው በር ስንጥቅ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ እውነት ነው፣ የገዛ ቤቴን ወሬ ከሁሉም በኋላ የምሰማው እኔ ነኝ። ማልጄ ፊቴን ልታጠብ ስወጣ እናትና ልጅ ምድጃው አጠገብ ቆመው ይንሾካሾካሉ። «ደብዳቤው ዛሬ ዐሥር ሰዓት ላይ ይሰጠኛል» ትላለች ልጄ። «የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ነው። ያልሠራችውን ሠርቻለሁ ብላ ዋሽታለች ይላል። ከመረጃ ክፍል አንሥተው ምድር ቤት፣ መዝገብ ክፍል ሊጥሉኝ ነው።» እናቷ «ለአባትሽ ለምን አንነግረውም?» አለች። «በሞቴ እማዬ! እሱ እንዳይሰማ!» እኔ ፎጣዬን ትከሻዬ ላይ እንደጣልኩ በሩ ሥር ደርቄ ቀረሁ። ደሜ ፈላ። ያ ሆስፒታል እኮ ሠላሳ አንድ ዓመት ያገለገልኩት ነው። እያንዳንዱን የኔትወርክ ሽቦ ከኮርኒሱ በላይ በደረቴ እየተሳብኩ የዘረጋሁት እኔ ነኝ። «አባ ሽቦ» ብለው ስም ያወጡልኝም ለዚህ ነው፤ እናቴ ያወጣችልኝ ስም ከደመወዝ መክፈያው ላይ በቀር የትም አይነሣም ነበር። እና እዚያ ግቢ ውስጥ ልጄ ስትበደል ከእኔ ይደበቃል?

ቁርስ ላይ ሦስታችንም ምንም እንዳልተፈጠረ ሆነን ቀረብን። ሳሎናችን ጠባብ ናት፤ አንዱ ሲነሣ ሌላው እግሩን መሰብሰብ አለበት። እኔ የምቀመጠው ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ ነው፤ ከራሴ በላይ በመስተዋት የገባ የምስጋና ምስክር ወረቀቴ ተሰቅሏል። «የሆስፒታሉን የኢንተርኔት መሥመር ጫና በግማሽ በመቀነስ ላበረከቱት የላቀ አስተዋፅኦ» ይላል፤ ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው። እንግዳ ሲመጣ ያንን ወንበር የማልለቀው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ እንዲያነበው ብዬ ነው፤ አልዋሽም። «ሥራ እንዴት ነው?» አልኳት ልጄን። «ደህና ነው አባዬ።» ዓይኗን ከእኔ ላይ አንሥታ ወደ ግድግዳው ወሰደችው፤ ዳቦዋን እየቆረሰች መልሳ ትተወዋለች። እናቷ ሻዬ ላይ ስኳር ሁለት ጊዜ ጨመረችብኝ። ሠላሳ ዓመት በትዳር ስንኖር ስኳር ተሳስታ አታውቅም፤ እስከ ጭላጩ ጠጣሁት። ልጅቷ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ስትወጣ እኔም ኮቴን አነሣሁ። «የት ልትሄድ ነው አንተ ሰው?» አለች ባለቤቴ። «ጡረተኛ የት ይሄዳል? ሰው ልጠይቅ ነው።» «ሰው ለመጠየቅ ክራቫት?» ያዘችኝ! በሩን ከፍቼ ወጣሁ።

የታክሲው ዋጋ ከወር በፊት ከነበረው እጥፍ ሆኗል፤ ረዳቱ ደግሞ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ አራተኛ አድርጎ ሸጎጠኝና «አባባ ጠጋ ጠጋ» አለኝ። ወዴት ልጠጋ፣ በመስኮቱ ልውጣ? ሆስፒታሉ በር ላይ የቆመው ጥበቃ የማላውቀው ጎረምሳ ነው። «ማንን ፈልገው ነው?» አለኝ። «አባ ሽቦ ነኝ» አልኩት ደረቴን ነፍቼ። «ይሁን» አለ፤ «መታወቂያ?» ዘመን እንዲህ ያዋርዳል። መዝገቡ ላይ ማንነት የሚል ዓምድ አለ፤ በትልቁ «የቀድሞ የኔትወርክ ኃላፊ» ብዬ ጻፍኩበት፤ ፊደሎቹ አልበቃ ብሏቸው የሚቀጥለውን ሰው ቦታ ወረሱት።

ልጄ በመረጃ ክፍሏ ውስጥ ብቻዋን ነበረች። ክፍሏ የቀድሞ የጨርቃ ጨርቅ መጋዘን ናት፤ አንድ መስኮት፣ ሁለት ኮምፒውተር፣ ከጀርባው የማሽን ክፍሉ በር። እኔ ከወጣሁ ወዲህ በቦታዬ ሰው አልተቀጠረም፤ ቁልፉ የተንጠለጠለው እሷ አንገት ላይ ነው። ስታየኝ ቆመች። «በበሩ ሰማሁሽ» አልኳት። «አሁን ከመጀመሪያው ንገሪኝ።» ነገረችኝ። የየሳምንቱ የቀዶ ጥገና ተራ ዝርዝር ሰኞ ማለዳ በሆስፒታሉ የኢንተርኔት ገጽ ላይ ይወጣል፤ የምታወጣው እሷ ናት። ማሻሻያ ሲኖር ድሮ ለየክፍሉ በስልክ ይነገር ነበር፤ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ግን ከዚህ ወር ጀምሮ ስልክ ይቅር፣ ሁሉም ገጹን አይቶ ይሥራ ብሎ አዘዘ። ሰኞ ረፋድ ላይ አንድ የቀዶ ጥገና መሣሪያ ተበላሸና የአልጋ ቁጥር ስድስቷ እናት ከማክሰኞ ወደ ሐሙስ ተዛወሩ። ልጄ ወዲያው አርማ አወጣችው፤ በስልኳም አይታ አረጋገጠች። ክፍል ሦስት ያሉት ነርሶች ያዩት ግን የድሮውን ነው። እኚያ የሰባ ዓመት ባልቴት ከሰኞ ማታ ጀምሮ እህል ውሃ ሳይቀምሱ፣ ማክሰኞ በአልጋ እየተገፉ ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ወርደው፣ እስከ ስምንት ሰዓት ኮሪደር ላይ ተኝተው ተመለሱ። ጩኸት ሆነ። ሥራ አስኪያጁ ልጄን ጠርቶ፣ ገጹን ፊቷ ከፍቶ፣ ሪፍሬሽ አደረገው፤ ያው የድሮው። ዐሥር ጊዜ አደረገው። «አርሜዋለሁ ትያለሽ፣ የታለ?» አላት። ስልኬ ላይ አለ ስትለው «እንግዲያው ሆስፒታሉ በሙሉ ያንቺን ስልክ ይግዛ!» ብሎ አሳቀባት።

«ኮንትሮል ይዘሽ ሪፍሬሽ አድርገሻል?» አልኳት። «አድርጌአለሁ።» «ሊሆን አይችልም።» «አባዬ ተወው» አለች ቀስ ብላ። «መዝገብ ክፍልም ሥራ ነው።» ይህን ስትል ተስፋ የቆረጠች መሰለኝ፤ ይበልጥ ተቆጣሁ። «የእኔ ልጅ ውሸታም ተብላ ምድር ቤት አትወርድም! ተነሺ፣ ክፍል ሦስት እንሂድ።» ከኋላዬ ተከተለችኝ፤ እርምጃዋ ግን እግሯ የታሰረ ያህል ነበር።

ለማያውቅ ሰው ነገሩ ይህ ነው። በሆስፒታሉና በውጭው ኢንተርኔት መሃል አንድ ሣጥን አለ፤ ፕሮክሲ ይባላል፤ እኛ «ሣጥኑ» ነው የምንለው። ገበያ የሚሄድ ጎረቤት በሉት። አንድ ሰው ገጽ ሲጠይቅ ሄዶ ያመጣና ቅጂውን ቤቱ ያስቀምጣል፤ ሁለተኛው ሰው ሲጠይቅ እንደገና አይሄድም፣ ያስቀመጠውን ያቀብላል። ሪፍሬሽ ማለት ደግሞ «ያስቀመጥከው አሁንም ልክ መሆኑን ጠይቅልኝ» ማለት ነው። ኮንትሮል ተይዞ ሲሆን ይጠነክራል፤ «ያንተን ቅጂ አልፈልግም፣ ከምንጩ ትኩሱን አምጣ» ይላል። ይህንን ሰምቶ እምቢ የሚል ሣጥን የለም። ቢያንስ እኔ እንዲያ ስል ነው የኖርኩት፤ ሥራ ላይ እያለሁ ላሠለጠንኳቸው ሁሉ ያስተማርኩትም ይህንኑ ነው።

ክፍል ሦስት የነርሶች ጠረጴዛ ላይ የነርሶቹ አለቃ ሜትሮኗ ተቀምጣለች፤ ሃያ ዓመት የተጨቃጨቅን የልብ ወዳጄ ናት። «አንተ አባ ሽቦ! ሞተሃል ሲሉ ሰምቼ ነበር» አለችኝ። «አንቺን ሳልቀብር? ኮምፒውተሩን ልቀቂልኝ።» ለቀቀችልኝ። ልጄ ከኋላዬ ቆማለች፣ ሁለት ነርሶችም ሥራቸውን ትተው መጡ። እኔ ተመልካች ሲኖር ነው የሚያምርብኝ። አድራሻውን ጽፌ ከፈትኩት፤ የድሮው ዝርዝር፣ አልጋ ስድስት ማክሰኞ። ሪፍሬሽ አደረግኩ፤ ማክሰኞ። ኮንትሮል ይዤ የሪፍሬሽ ቁልፏን፣ ኤፍ ፋይቭን መታኋት፤ ማክሰኞ። በእልህ ደጋግሜ መታሁ፤ ማክሰኞ። «ትናንት ጣቴ እስኪላጥ ሞክሬዋለሁ» አለች ሜትሮኗ። ብራውዘሩ ራሱ ያስቀመጠውን ቅጂ በሙሉ አጠፋሁ፣ ሌላ ብራውዘርም ከፈትኩ፤ ማክሰኞ። እንግዲህ ጥፋቱ ከብራውዘሩ አይደለም። በልጄ ስልክ፣ በራሷ መሥመር ስናየው ሐሙስ ይላል። ጥፋቱ ከገጹም አይደለም። የቀረው መሃል ያለው ሣጥን ብቻ ነው። ያን ጊዜ አንድ የድሮ ዘዴ ትዝ አለኝ። አድራሻው መጨረሻ ላይ የጥያቄ ምልክትና አንድ ቁጥር ጨመርኩ። ገጹ ያው ገጽ ነው፤ ሣጥኑ ግን እንዲህ ያለ አድራሻ አይቶ ስለማያውቅ ያስቀመጠው ቅጂ የለውም፤ ወደደም ጠላ ሄዶ ማምጣት አለበት። ተጫንኩት። አልጋ ስድስት፣ ሐሙስ! ከታች ደግሞ «የታረመው፦ ሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል» ይላል።

«እሰይ!» ብዬ ጠረጴዛውን ስመታው የመድኃኒት ብልቃጥ ዘለለ። «አያችሁ? ልጄ አርማዋለች! በሰዓቷ አርማዋለች! ሣጥኑን ሪፍሬሽ እንዳይሰማ ያደረገው ሰው ነው ጥፋተኛው! የሙያውን ሕግ ጥሶ፣ ሰው ትኩስ ስጠኝ ሲለው የቆየ እንዲያቀብል ያዘዘ! የትኛው አህያ ነው እባካችሁ እንዲህ ብሎ የጻፈ? ባገኘው በጆሮው ነበር የምጎትተው!» ነርሶቹ ሳቁ። ሜትሮኗ ልጄን አየቻት። ልጄ የወለሉን ንጣፍ ታያለች። እኔ ገና በሞቅታዬ ነኝ፤ «ቁልፉን አምጪ!» ብዬ ወደ ማሽን ክፍሉ ከነፍኩ።

ማሽን ክፍሉ እንደተውኩት ነው፤ ማራገቢያው ይጮኻል፣ የጣሪያው አምፖል ይርገበገባል፣ ወንበሯ አንድ እግሯ አጭር ናት። ልጄ ፓስወርዱን አስገባችና ሳትቀመጥ ጥግ ሄዳ ቆመች። የሣጥኑን ትእዛዞች የያዘውን ፋይል ከፍቼ ቁልቁል ወረድኩ። መሃል ላይ አገኘሁት። ማንኛውም የሪፍሬሽ ጥያቄ ቢመጣ እንዳልመጣ ቁጠረው፣ ቅጂውን ሦስት ቀን ሙሉ አቀብል ይላል። ከሱ በላይ ለሰው ማስታወሻ የተጻፈች አንዲት መሥመር አለች። «ከአባ ሽቦ ፈቃድ ውጭ የነካ ወዮለት!» የዛሬ ዐሥራ አንድ ዓመት ቀን አለበት።

ወይ ነዶ! የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። ሁሉም ነገር መጣልኝ። ያን ጊዜ መሥመራችን ቀጭን ነበር። የዕድገት ዝርዝር ይወጣል የተባለ ቀን ከሐኪም እስከ ጽዳት ሠራተኛ ያለው ሕዝብ ኤፍ ፋይቭ ላይ ጣቱን ተክሎ ይውላል፤ ላቦራቶሪው ውጤት መላክ ያቅተዋል። ብለምን ብቆጣ የሚሰማኝ ሲጠፋ፣ ሣጥኑን ራሱን ሪፍሬሽ የሚባል ነገር እንዳይሰማ አደረግኩት። መሥመሩ በአንድ ቀን ቀለለ። ተሸለምኩ፤ ሳሎኔ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ወረቀት የተሰጠኝ ለዚህች ትእዛዝ ነው። ከዚያ መሥመሩ ወፈረ፣ እኔም ረሳኋት። ዝርዝሩ በየሳምንቱ በአዲስ አድራሻ ስለሚወጣና ማሻሻያው በስልክ ስለሚነገር ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ማንንም አልጎዳችም። ስልኩ ሲቀር ጊዜ ነው የነከሰችው።

«መቼ አየሽው?» አልኳት ፊቴን ሳላዞር። «ትናንት ከሰዓት በኋላ።» «ታዲያ ለምን አላጠፋሽውም?» «ወዮለት ይላላ!» አለች፤ ልትስቅ ሞክራ አልሆነላትም። «ለክፍሎቹ ሁሉ በስልክ ነግሬአለሁ፣ ክልክል ቢሆንም። ከእንግዲህ በዚህ የሚጎዳ ታማሚ የለም። ትናንት ከሥራ ገብቼም፣ ዛሬ ቁርስ ላይም ፈቃድህን ልጠይቅ ብዬ አፌን ከፍቼ ነበር። ግን አባዬ፣ በየቀኑ ቁርስ የምበላው ከዚያ ወረቀት ፊት ለፊት ነው። እንዴት ብዬ ልንገርህ?» ያን ጊዜ ወደ እሷ ዞርኩ። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ስሜን ስከምር ኖሬ፣ ይቺ ልጅ ያንን ስም ላለማጉደፍ የራሷን ስም ጭቃ ውስጥ ልትጥል ተነሥታለች። አፈርኩ። ከእፍረቱ ሥር ደግሞ ሌላ ነገር ደረቴን ሞላው፤ ኩራት ነበር። ቦርሳዋን ከፍታ በፌስታል የተጠቀለለ ዳቦ አወጣችና ለሁለት ገመሰችው፤ ተካፍለን በላን።

ዐሥር ሰዓት ላይ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባን። ምንጣፉ አዲስ ነው፣ መጋረጃው ከምንጣፉ ጋር ይሄዳል፤ ደብዳቤው ጠረጴዛው ላይ ማኅተም ተመትቶበት ተቀምጧል። «አባባ፣ የልጅዎን ጉዳይ በሽምግልና አናየውም» አለኝ ገና ከበሩ። «ሽማግሌ ሆኜ አልመጣሁም፤ ምስክር ነኝ» አልኩት። «የጥያቄ ምልክት መጻፍ ይችላሉ?» ገላመጠኝ። በገዛ ኮምፒውተሩ፣ በገዛ ጣቱ አስደረግኩት። ሪፍሬሽ፣ ማክሰኞ። ጥያቄ ምልክት፣ ሐሙስ። ሁለት ጊዜ ደገመው። ሰኞ ሦስት ሰዓት ተኩል የሚለውን ሲያነብ መነጽሩን አወለቀ። «ይህን የሣጥን ትእዛዝ ማን ነው የጻፈው?» «እኔ ነኝ» አልኩ። «ይሄው መሥሪያ ቤት ሸልሞኝበታል። ያን ጊዜ ልክ ነበር። ስወጣ ለማንም ሳልነግር መውጣቴ ነው ጥፋቴ። ምስክር ወረቀቱን ነገ አምጥቼ ልመልስ።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ ልጄ ዞረ። «አንቺ ታውቂ ነበር?» «ከትናንት ጀምሮ።» «ለምን አልተናገርሽም?» ቀና አለች። «የተጠየቅሁት አርመሽዋል ወይ ተብዬ ነው። አርሜዋለሁ አልኩ። ሣጥኑን ማን እንዳዘዘው የጠየቀኝ የለም። ቢጠይቁኝ አልዋሽም ነበር፤ ካልጠየቁኝ ደግሞ አባቴን አልከስም።» ሰውዬው ደብዳቤውን አንሥቶ ለሁለት ቀደደው። «የምስክር ወረቀቱ ይቀመጥ» አለ፤ «ጉዳዩ እዚህ ላይ ያበቃል።» እኔ ግን አልተነሣሁም። «ውሸታም የሚለው በስንት ግልባጭ ሊወጣ ነበር?» «በአራት።» «እንግዲያው እውነተኛ ናት የሚለውም በአራት ግልባጭ ይውጣልኝ። ማኅተም ይመታበት።» ልጄ በክርኗ ጎሸመችኝ፤ ሰውዬው ግን ጸሐፊውን ጠራት።

ማሽን ክፍል ተመልሰን ወንበሩን ለቀቅሁላት። «ፈቅጃለሁ» አልኳት፤ «አጥፊው።» ትእዛዙን አጠፋች፤ የእኔን ማስታወሻ ግን ተወቻት። ከሥሯ «ራሱ ፈቅዶ ተነሥቷል» ብላ ጻፈችና የዛሬውን ቀን አኖረችበት። ክፍል ሦስት ስንደርስ ሜትሮኗ ሪፍሬሽ አንድ ጊዜ መታች፤ ሐሙስ አለ። «አህያውን አገኘኸው?» አለችኝ። «አግኝቼዋለሁ፤ ጆሮው እስካሁን ይግላል።» ሳቋ ኮሪደሩን ሞላው። ከዚያ ሳቋን አቁማ መስኮቱ ሥር ወዳለው አልጋ ጠቆመች። «ይቅርታህን ግን ለኔ ሳይሆን ለሳቸው ንገር።»

አልጋ ስድስት ላይ ያሉት እናት ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ትንሽዬ ሰው ናቸው፣ ዓይናቸው ግን ሰውን እንደ ወንፊት ያጣራል። «እማማ» አልኳቸው፣ «ትናንት ሳይበሉ የዋሉት በእኔ ስህተት ነው።» ከላይ እስከ ታች አዩኝና ክራቫቴ ላይ ቆሙ። «ሐኪም ነህ?» «አይደለሁም፣ የሽቦ ሠራተኛ ነበርኩ።» «ሽቦና የእኔን ሆድ ምን አገናኛቸው?» እንደ ምንም አስረዳኋቸው፤ ምን ያህሉ እንደገባቸው አላውቅም። «ታዲያ ዛሬ ማታም ሳልበላ ልደር ነው?» «አዎ እማማ፣ የዛሬው የእውነት ነው።» ፈገግ አሉ። ከዚያ ልጄን በአገጫቸው አሳዩኝ። «ይቺን አውቃታለሁ። ትናንት ከሥራ ስትወጣ መጥታ እዚህ አልጋዬ ጫፍ ተቀመጠች። ‹እማማ፣ ጥፋቱ ከቤተሰቤ ነው፣ ይቅር ይበሉን› አለችኝ። ማነው ብላት ሞቼ እገኛለሁ አለች። ምስኪን፣ ልጅ ያጠፋባት ወይም ባል ያሳፈራት መስሎኝ አዘንኩላት።»

ዞሬ ልጄን አየኋት። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራለች። ውሸታም ተብላ በተሰደበችበት ቀን፣ ማንም ሳያዛት፣ የእኔን ይቅርታ እኔ ሳላውቅ ጠይቃልኛለች። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ በዚህ ዕድሜዬ፣ በክራቫት፣ ሜትሮኗ እያየችኝ።

«እና አንተ ማን ነህ?» አሉ እማማ።

አባ ሽቦ የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ መጥቶ ነበር፤ የቀድሞ የኔትወርክ ኃላፊ የሚለውም ተከትሎታል።

«አባቷ ነኝ» አልኳቸው። ሌላ የጨመርኩት ነገር የለም።